በዚህ ሰመር የአንጋፋዎች ቼዝ ውድድር ልዞር አስቤያለሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፈረሰኛው (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቼ ባለፈው ወር ቁልፉን ሰቀልኩ። ባለቤቴ «ቤት ውስጥ ከምትንጎራደድ ሂድና ተጫወት» ብላኛለች፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ብወጣ ይሻላል። በኖቬምበር 65 ይሞላኛል። ቼዝ ስጫወት የኖርኩት ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ኮፈን ላይ ነው፣ ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) 1580 አካባቢ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ጁን ላይ ቬጋስ፣ ለጁላይ 4 ዎርልድ ኦፕን፣ ከዚያ የአሜሪካ ሲኒየር ኦፕን፣ ኦገስት ላይ ዩኤስ ኦፕን። አራቱን መጫወት እብደት ነው?

ባለመነጽሩ
እንኳን ለጡረታ አበቃህ ወንድሜ። እብደት ነው፣ አዎ።

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ካልካቸው ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ብቻ የተዘጋጀው ሲኒየር ኦፕኑ ነው። ሌሎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ የሚመድቡህም በሬቲንግ እንጂ በዕድሜ አይደለም። እኔ 68 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ሰመር በፊት አንድ የሳምንት መጨረሻ ውድድር ላይ ቅዳሜ ብቻ ሦስት ጨዋታ ተጫወትኩ። ሦስተኛው ላይ የገጠመኝ እግሩ መሬት የማይደርስ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ሙሉ ፈረስ እየመራሁ ነው፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ዓይኔ ሰሌዳውን ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። ንግሥቴን ወስጄ የልጁ ወታደር አፍ ውስጥ ከተትኳት። ልጁ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ እናቱን አየ፣ ከዚያ በላት። የደከመው ጭንቅላቴ አልነበረም፣ ወገቤና ዓይኔ ናቸው።

ስለዚህ ከተማ አትምረጥ፣ መርሐ ግብር ምረጥ። ዩኤስ ኦፕን 9 ዙር በ9 ቀን፣ በቀን አንድ ጨዋታ የሚባል አማራጭ አለው፣ እሱን ያዝ። ፈጣኖቹን የ6 እና የ4 ቀን ለወጣቶቹ ተውላቸው። ዎርልድ ኦፕን መሄድህ ካልቀረ ደግሞ ረጅሙን መርሐ ግብር ውሰድና ለአንዱ ዙር አስቀድመህ ባይ (ሳትጫወት የምታልፈው ዙር) ጠይቅ፣ ግማሽ ነጥብ ይሰጡሃል፣ አንተ ትተኛለህ።

ከፍራንክፈርት
ጋሼ ፈረሰኛው፣ ስለ አንጋፋዎች የዓለም ሻምፒዮናም ቢያስቡበት። ከ2014 ጀምሮ ከ50 በላይ እና ከ65 በላይ ተብሎ በሁለት ተከፍሏል። ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመቱ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ላይ ነው፣ ስለዚህ ልደትዎ ኖቬምበር ቢሆንም ከጃንዋሪ ጀምሮ በ65ቱ መመዝገብ ይችላሉ። ለመግባት ታላቅ ተጫዋች መሆን አያስፈልግም፣ ወጪን በራስ መቻል ነው። ብዙውን ጊዜ 11 ዙር፣ በቀን አንድ። ችግሩ ሰመር ላይ አለመሆኑ ነው፣ 2022 አሲሲ፣ 2023 ቴራሲኒ፣ 2024 ፖርቶ ሳንቶ፣ ሁሉም በመጸው ነበር። እዚህ ጀርመን ባድ ቮሪስሆፈን በ1991 የመጀመሪያውን ያሸነፈው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ስሚስሎቭ ያኔ 70 ዓመቱ ነበር።

ቅድስት_ቼዝ
ጋሼ፣ ስልክዎን ክፍልዎ ትተው ይውረዱ። በፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) ሕግ ዳኛው ካልፈቀደ በኪስዎ መገኘቱ ብቻ ጨዋታውን ያስሸንፍዎታል፣ ባይጮህም። አባቴ በዚህ ነገር አንዴ ተበልቷል፣ የደወለችው እኔ ነኝ 🙈

ሌላው፣ ዩኤስ ኦፕን ወደ ኦገስት ከገባ መጨረሻው ፍልሰታ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ጾሙ ኦገስት 7 ይገባል። የሚጾሙ ከሆነ የሆቴል ቁርስ እንቁላልና ቅቤ ነው፣ በሶ ይያዙ። አመሻሽ ላይ ጨዋታ ካለዎት ከቅዳሴ በኋላ በልተው ትንሽ አረፍ ማለት ይበቃዎታል። ምዝገባና ሆቴል ደግሞ አሁኑኑ፣ ቀኑ ሲቀርብ ሁለቱም ይወደዳሉ።

ፈረሰኛው (ሜሪላንድ)
እግዜር ይስጣችሁ። ሲኒየር ኦፕኑንና የ9 ቀኑን ዩኤስ ኦፕን ያዝኩ፣ ዎርልድ ኦፕንን ለማየት ብቻ እሄዳለሁ። ቅድስት ልጄ፣ በሶው ተፈጭቷል። ቬጋስን መሰረዜን ለባለቤቴ ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ። ለካ እሷም ልትመጣ ሻንጣ አውጥታ ነበር።