በዜሮ ወለድ የተዛወረን የካርድ ገንዘብ ቁጠባ ውስጥ አስቀምጦ ማትረፍ ያዋጣል ወይ?

የኮምቦልቻ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አሜሪካ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የክሬዲት ካርዴ ባንክ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ለ15 ወራት ወለድ የማይታሰብበት የዕዳ ማዛወሪያ (የሌላ ካርድን ዕዳ ወደዚህ ካርድ ማዞሪያ፣ ወይም ገንዘቡን በእጅ መውሰጃ) እንደፈቀደልኝ በደብዳቤ አሳውቆኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገንዘቡን ወስጄ 4 በመቶ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ባስቀምጠው ወለዱ ለእኔ እንደሚተርፍ ነገረኝ። ከእናንተ መካከል የሞከረው ካለ እንዲመክረኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የደሴ ልጅ፦

ወንድሜ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ነገሩ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ደግ ዘመንም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ መጠን 5.25 በመቶ ስለነበር፣ በኢንተርኔት የሚሠሩ የቁጠባ ሒሳቦች ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ይከፍሉ ነበር፤ ብዙ ካርዶች ደግሞ የማዛወሪያውን ክፍያ በ75 ዶላር ይገድቡት ወይም ጭራሽ አያስከፍሉም ነበር። 10,000 ዶላር ያዛወረ ሰው በዓመቱ ከግብር በፊት 400 ዶላር ያህል ይተርፈው ነበር። በ2008 መጨረሻ ወለዱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነገሩ አበቃ። በ2023 ወለዱ ተመልሶ ከፍ ቢልም የማዛወሪያው ክፍያ ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ ጠበቀን።

ከባቲ ገበያ ፍየል ገዝቶ ደሴ የሚሸጥ ነጋዴ የጭነቱን ዋጋ ሳይቀንስ ትርፉን እንደማይቆጥረው ሁሉ፣ አንተም ክፍያውን አስቀድመህ ቀንስ። በ3 በመቶ ሒሳብ 300 ዶላር ገና በመጀመሪያው ቀን ዕዳህ ላይ ይጨመራል። በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ፣ 1 በመቶ ነው እንበል፣ ከዚያው ገንዘብ እያነሣህ ስለምትከፍል፣ በ15 ወራት የምታገኘው ወለድ 465 ዶላር ገደማ ነው። ወለዱ ከ10 ዶላር በላይ ስለሆነ ባንኩ የወለድ ገቢህን ለግብር የሚያሳውቀውን 1099 የሚባለውን ቅጽ ይልክልሃል፤ 22 በመቶ የፌዴራል ግብር የምትከፍል ከሆነ 102 ዶላሩ ይሄዳል፤ የ300 ዶላሩን ክፍያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግብሩ ልታስቀንሰው አትችልም። በእጅህ የሚቀረው 63 ዶላር ነው። ክፍያው 5 በመቶ ከሆነ ከኪስህ ትጨምራለህ።

እኔን ያከሰረኝ ግን ክፍያው ሳይሆን የአውሮፕላን ትኬት ነው። በዚያው ካርድ ወደ አገር ቤት የምሄድበትን የ1,600 ዶላር ትኬት ገዛሁ። እንደ ወትሮው እስከ መክፈያው ቀን ወለድ አይታሰብብኝም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን የተዛወረው ዕዳ በሙሉ ባለመከፈሉ ያ የእፎይታ ጊዜ ቀርቶ፣ ትኬቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ24 በመቶ ወለድ መቁጠር ጀመረ። ሒሳቤ በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ በራሱ እንዲከፍል አድርጌው ስለነበር፣ ያ ክፍያ ዜሮ ወለድ ወዳለው ዕዳ እየገባ የትኬቱ ዕዳ ሳይነካ ይቀመጥ ነበር። በሕጉ መሠረት ወደ ከፍተኛው ወለድ የሚሄደው ከዝቅተኛው በላይ የተከፈለው ብቻ ነው። በወር 32 ዶላር እየተቆጠረ አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው መግለጫውን በወጉ ያነበብኩት። የወሰድክበትን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት።

ሁለተኛው ችግር የእኛ የስደተኞች ነው። ገንዘቡ ቁጠባ ውስጥ ተቀምጦ ሲታይ የራስ ይመስላል። እናቴ የቤቱ ቆርቆሮ ክረምቱን አይዘልቅም ብላ ስትደውል፣ «ገንዘብ የለኝም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ነበረኝና። የተበደርኩት መሆኑን በስልክ ማስረዳትም የሚሆን ነገር አልነበረም። ከዚያ ያነሣሁትን ለመተካት ስድስት ወር ተጨማሪ ሰዓት ሠርቻለሁ።

ዶላሩን ወደ ብር ለውጦ አገር ቤት ባንክ የማስቀመጥ ሐሳብም አንዳንዶች ሲያነሡ ሰምቻለሁ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 10,000 ዶላር በ57 ብር መንዝሮ በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው፣ በዓመቱ 610,000 ብር ያህል ይኖረዋል፤ ዶላሩ 115 ብር ሲገባ ግን ይህ 5,300 ዶላር ብቻ ነው። ዕዳው ግን በዶላር ነው የተጻፈው።

በዓመት ውስጥ ቤት ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ ጨርሶ አትንካው፤ ከካርድህ የብድር ጣሪያ አብዛኛውን መያዝህ ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት የሚያዩትን የክሬዲት ነጥብህን ይጥለዋል።

የባቲ ልጅ፦

የደሴው ወንድማችን ሒሳቡን በሚገባ አስረድቷል። እኔ ሙስሊም እንደመሆኔ የቁጠባ ወለድ መቀበል ሪባ ስለሆነ፣ 63 ዶላሩ 600 ቢሆንም ለእኔ አይሆነኝም፤ በወሎ ቤት አንዱ ወለዱን ሲቀበል ሌላው ሲተወው አብሮ መኖር የለመድነው ስለሆነ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጠያቂው ከዚህ በፊት ወለድ የሚቆጥርበት የካርድ ዕዳ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት አልነገረንም። ካለበት፣ ማዛወሪያው የተሠራው ለዚያ ነው፤ 4 በመቶ ከማግኘት 24 በመቶ አለመክፈል ይበልጣልና። አብሽር ወንድሜ፣ ዕዳ ያልያዘ የለም።

የኮምቦልቻ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ገልብጬ በጀርባው በደቃቅ የተጻፈውን ሳነብ የማዛወሪያው ክፍያ 5 በመቶ ይላል። የባቲዋ እህታችን እንደጠረጠረችውም፣ ባለፈው ጥር ለወንድሜ ሠርግ ያወጣሁት 2,400 ዶላር በሌላ ባንክ ካርድ ላይ በወር 48 ዶላር ወለድ እየቆጠረብኝ ነው፤ አፍሬ ነው ያልጻፍኩት። እሱን ብቻ አዛውሬ፣ ከ120 ዶላሩ ክፍያ ጋር በወር 210 ዶላር እየከፈልኩ በ12 ወር እጨርሰዋለሁ። ካርዱን ለባለቤቴ ሰጥቻታለሁ፤ የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኳትም።