ጥቆማ፦ ድሬዳዋ ላይ በግቢ ዓሣና አትክልት አብሮ ለማርባት ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ (ከሳቢያን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ግቢያችን ውስጥ ወደ 20 ካሬ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። አኳፖኒክስ ልጀምር አስቤያለሁ። ዓሣው ያቆሸሸው ውሃ አትክልቱን ይመግባል፣ አትክልቱ ያጣራው ደግሞ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ቪዲዮ ላይ ክሬይፊሽ (ቅርፊትና መቆንጠጫ ያላት የውሃ እንስሳ) የሚያረቡም አይቻለሁና እሷንም ብጨምር ደስ ይለኛል። ታንከር፣ ጠጠር፣ ፓምፕ፣ የዓሣ ጫጩት፣ መኖ... የቱ ይሻላል? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ (ከከዚራ)

አቦ፣ እንኳን አሰብከው! ግን ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ማንቆርቆሪያህን ውስጡን እይ። የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከፍ ይላል። ቪዲዮዎቹ የሚሠሩት ሌላ ውሃ ባለበት አገር ስለሆነ ይህን አይነግሩህም።

ለምን አስፈላጊ ሆነ? ዓሣ አሞኒያ ያወጣል። አትክልቱ የሚተከልበት ጠጠር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አትክልቱ የሚበላው ናይትሬቱን ነው። አሞኒያው ምን ያህል መርዝ እንደሚሆን ግን በፒኤችና በሙቀት ይወሰናል። ውሃው 28 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛሙ 1 በመቶ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲደርስ ከ6 በመቶ ያልፋል። ዓሣውም መኖውም ያው ሆኖ አደጋው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። አትክልቱም ከፍ ባለ ፒኤች ብረት መውሰድ ያቅተዋል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ምልክቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ጠጠሩ ላይ አትቸኩል። ከወንዝ የሚመጣው ጠጠር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ይቀላቀልበታል። ሻጩ ጋ ትንሽ ኮምጣጤ ይዘህ ሂድና ድንጋዩ ላይ ጠብ አድርግበት። ቺስ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ተወው። ዝም ካለ ውሰድ። እኔ የምመርጠው ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያው ሰፊ ማረፊያ ያገኛል፣ ኖራም የለውም። ከስምጥ ሸለቆው በኩል በመኪና ስለሚመጣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ያም ሆኖ ያዋጣል። አቧራው እስኪጠራ ደጋግመህ እጠበው።

ለውሃው ደግሞ ጣሪያህን ተጠቀም። የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ወደ 400 ሊትር ይወርዳል። የመጀመሪያውን አቧራማ ውሃ አፍስሰህ ቀሪውን አጠራቅምና ከቧንቧው ጋር ቀላቅል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አድርገህ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው። ፒኤቹን ለማውረድ አሲድ ጨምር የሚልህ ሰው ካለ፣ የባትሪ አሲድ በፍጹም አትንካ።

ታንከር ላይ ሦስት ምርጫ አለህ። ሮቶ ጠንካራ ነው፤ ግን ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውሃው ይፈላብሃል፣ ትኩስ ውሃ ደግሞ ኦክሲጅን አይዝም። ከጥላ ሥር አድርገው ወይም ግማሹን ቅበረው። በብረት ፍርግርግ የታቀፈው የ1000 ሊትሩ ነጭ ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ዓሣው ከታች፣ ላዩ ተቆርጦ ደግሞ የአትክልት መደብ ይሆናል። ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ሻጩ በግልጽ ካልነገረህ ግን አትግዛ፤ ኬሚካል የያዘ ታጥቦ አይድንም። ብርሃን ስለሚያስገባም በቀለም ወይም በሸራ ሸፍነው፣ አለዚያ ውሃው በአልጌ ይሞላል። የሲሚንቶ ገንዳው ለድሬ አይሆንም፣ እሱም ኖራ ይለቃል።

ዓሣው ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወይም አምባዛ ነው የምለው። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፣ የድሬ ሙቀት ለእሱ ነው። ሥጋውም የሚወደድ ነው። ችግሩ በጥቂት ወር ውስጥ ይራባል፣ ታንከሩ በጥቃቅን ዓሣ ይሞላና አንዱም አያድግም። ወንዶቹን ብቻ ለይተህ አሳድግ። አምባዛ መብራት ለሚጠፋበት ቤት የተፈጠረ ነው። ውሃው ኦክሲጅን ሲያጥረው ብቅ ብሎ ከላይ አየር ይጎርሳል። ፓምፑ ሌሊት ቢቆም ቆሮሶ በሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፣ አምባዛ ግን ይቆይሃል። ክዳን ግን አትርሳ፣ ዘሎ ወጥቶ መሬት ላይ ይሳባል። ትልቁ ትንሹን ስለሚበላም በመጠን እየለየህ አስቀምጥ። ለጀማሪ አምባዛን እመርጣለሁ።

ክሬይፊሿን ተዋት፣ ከልቤ ነው። የእኛ ጠንካራ ውሃ ለቅርፊቷ ይስማማል፣ ያንን አልክድም። ግን በዋናው የአፍሪካ ምድር የተፈጥሮ ክሬይፊሽ የለም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ በ1970 እ.ኤ.አ. ገብታ የውሃ ውስጥ ተክሉን ጨርሳለች። ዳር ትቦረቡራለች፣ ሌሊት ከታንከር ወጥታ በእግሯ ትሄዳለች። የድሬ ጎርፍ የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው። አንዷ ካመለጠች ማን ይሰበስባታል? ያለ ፈቃድ ከውጭ የሚመጣ እንስሳ አንነካ።

ፓምፕ ስትገዛ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ስንት ዓይነት ታያለህ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር ብቻ አትመን፣ ያ ቁጥር ውሃ ሽቅብ ሳይገፋ ነው። መደብህ ከፍታ ላይ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቅ። በሰዓት የታንከሩን ውሃ አንድ ጊዜ ካዞረ ይበቃል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ደግሞ ትልቁን ፓምፕ ተወውና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያዝ። ፀሐያችን ጠንካራ ናትና ከሶላር ጋር አገናኘው።

ከሐረር አንዲት እህት

የድሬው ወንድሜ የተናገረው ልክ ነው፣ ለሐረር ግን ጥቂት ይለያል። እኛ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቆሮሶ መብላት ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ይጠቅማል። ሰላጣም እዚህ ይሻላል፤ ድሬ ላይ በግንቦት ሰላጣ ብትተክል አበባ አውጥቶ ይመርራል። ድሬዎች ቆስጣ፣ በሶብላ፣ ባሚያና ቃሪያ ትከሉ። ውሃ በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች ይህን ሥራ ብንይዝ ደስ ይለኛል፤ የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ አይተናል። ያው ውሃ ስለሚዞር የምትሞላው የተነነውንና ተክሉ የጠጣውን ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ክሬይፊሿን ትቻለሁ። ጫጩቱንና መኖውንስ?

መልስ (ከከዚራ)

ለጫጩት መጀመሪያ ሰበታና ባቱ ያሉትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጠይቅ። ከሐይቅ ተይዞ የመጣ ትንሽ ዓሣ አትግዛ፣ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከመንገዱ በፊት አንድ ቀን ሳይበሉ ይዋሉ፣ ኦክሲጅን በተሞላ ፌስታል ታሽገው ሌሊት ይጓዙ። ስትደርስ ፌስታሉን ሳትከፍት ታንከሩ ላይ አንሳፍፈው። ሙቀቱ ሲመሳሰል ውሃህን ቀስ እያልክ ቀላቅልና ልቀቃቸው።

መኖው ተንሳፋፊ ቢሆን ይሻላል፣ የተረፈውን ታያለህ። ፋጉሎና ፉርሽካ ቀላቅለው ቤት የሚያዘጋጁ አሉ። ለኩሬ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ጠጠሩን ይደፍናል። በ15 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጥ። ለአንድ ካሬ ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ይበቃል። 1000 ሊትር ውስጥ ሲያድግ 20 ኪሎ ዓሣ ጣሪያው ነው፣ አንተ በግማሹ ጀምር።

ጫጩት ከማዘዝህ በፊት ግን ውሃውን እያዞርክ ጥቂት መኖ ጣልበትና ባክቴሪያው ይልመድ። በእኛ ሙቀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የጌጥ ዓሣ ከሚሸጡ ሱቆች የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መለኪያ ግዛ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ያን ጊዜ ለጫጩቱ ደውል።