ለሲፒ ልጅ የ3 ሳምንት ኢንቴንሲቭ ቴራፒ፣ እቁቤን ላውጣበት?

የባቢ እናት
ሰላም እናንተ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 4 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስወልደው ቶሎ አላለቀሰም፣ ሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ፣ አእምሮ ተጎድቶ እጅና እግር አልታዘዝ ሲል) ነው ያሉኝ ግን ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ቀኝ ጎኑ ነው የተያዘው። ይሄዳል፣ ግን ቀኝ እግሩን በጣቱ ጫፍ ነው የሚረግጠው፣ ቀኝ እጁን ደግሞ አውራ ጣቱን ውስጥ አድርጎ ጨብጦ ነው የሚውለው፣ ካልነገርኩት እጅ እንዳለውም ትዝ አይለው። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለቴ እወስደዋለሁ፣ ከዳቶ ሰፈር በባጃጅ ተንከራተን ወረፋ ጠብቀን 20 ደቂቃ እጅና እግሩን ይስቡታል፣ እሱ ያለቅሳል፣ ተመልሰን እንመጣለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። ሰሞኑን ጓደኛዬ አዲስ አበባ ኢንቴንሲቭ የሚባል አለ፣ በቀን 4 ሰዓት ለ3 ሳምንት ነው፣ የሚወጠር የላስቲክ ልብስም ያለብሷቸዋል አለችኝ። የጠሩልኝ ብር ማደሪያው ሳይቆጠር የእቁቤን ዕጣ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። አማቴ ገብርኤል ጸበል ውሰጂው ገንዘብሽን አትበትኚ ይሉኛል፣ ጸበሉንም ወስጄዋለሁ እኮ። የሞከረ ካለ እውነቱን ንገሩኝ፣ አይዞሽ ብቻ እንዳትሉኝ በናታችሁ።

ሐይቅ ዳር
እህቴ እኔ አስሞክሬያለሁ። የኔዋ 6 ዓመቷ ነው፣ አራቱም እጅና እግሯ ነው፣ እንዳንቺ ልጅ አትሄድም። የመጀመሪያው ሳምንት ደክሟት ምግብ አፏ ውስጥ እያለ ታክሲ ላይ ትተኛ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አግዳሚ ላይ ሳትደገፍ ተቀምጣ እስከ 40 ቆጠሩላት፣ እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዛ ሀዋሳ ተመለስን፣ ቤት ውስጥ ምን እንደምሠራላት አንድም ሰው አልነገረኝም፣ እኔም ሱቄ አለ፣ ፍራሹ ላይ መለስኳት፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሆነች። ብሩ ተቃጠለ ልልሽ አልችልም፣ ተጠቀምን ልልሽም አልችልም።

ፊዚዮው
ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልበል፣ ከረዘመ ይቅርታ። ኢንቴንሲቭ ማለት ሰዓቱ መብዛቱ ብቻ አይደለም፣ ልጁ ራሱ ስንት ጊዜ ሠራው ነው ጥያቄው። እጁን ሰው ሲስብለት የሚሠራው ሳቢው ነው፣ የባቢ አእምሮ እዛ ውስጥ ምንም አልተማረም፣ ያንን ደግሞ በቀን 4 ሰዓት ብታደርጊው ለቅሶው ነው የሚበዛው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2013 እና በ2020 (በፈረንጆቹ) የሲፒ ሕክምናዎችን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ብለው ለይተዋቸዋል። አረንጓዴ ውስጥ የገቡት ልጁ የሚፈልገውን አንድ ነገር መርጦ እሱኑ ደጋግሞ መሥራት፣ ሁለት እጅ የሚያስፈልገው ጨዋታ፣ በባለሙያ የታቀደ የቤት ውስጥ ልምምድ፣ እና እንደ ባቢ በአንድ ጎን ለተያዙት ደህናውን እጅ ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት ናቸው። ይሄ የመጨረሻው መጀመሪያ ስትሮክ ለመታቸው አዋቂዎች የተሠራ ነው፣ ዕቃ አይፈልግም፣ ካልሲ ይበቃዋል።

ልብሱ ከሶቪየት ጠፈርተኞች ልብስ የመጣ ነው፣ ሲያዩት ያጓጓል፣ ግን ያለ ልብሱ ያንኑ ሰዓት ከሚሠራ ልጅ ይበልጣል የሚያስብል ነገር ጥናቱ ላይ የለም። ልብሱን ብለሽ ብር እንዳታወጪ።

እንዲህ ሞክሪ፦ አስቀምጪው፣ ግራ እጁ ላይ ካልሲ፣ ከሰፌድ ላይ ሎሚ አንስቶ ጆግ ውስጥ ይክተት፣ ሲከብደው አትቀሚው፣ ጠብቂው። በቀን እስከ ሁለት ሰዓት የሚደርስ ጊዜ፣ ግን በአንዴ አይደለም፣ ከፋፍለሽ፣ ለሳምንታት። እየሄደ እንዳታደርጊበት፣ ቢወድቅ የሚመክትበት እጁ እሱ ነው! የእግሩ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጅማቱ አጥሮ ከሆነ የትኛውም ኢንቴንሲቭ አያስረዝመውም፣ የፕላስቲክ ድጋፍ ወይ ተከታታይ ጀሶ ወይ የቦቶክስ (ጡንቻ የሚያላላ) መርፌ የሚያይለት የአጥንት ሐኪም ያስፈልገዋል፣ አዲስ አበባ ከሄድሽ ኪዩር ሆስፒታል የሕፃናት አጥንት ይሠራሉ፣ ያን ሁሉ ብር ከማውጣትሽ በፊት እሱን አስቀድሚ። ሐይቅ ዳር አንቺ ደግሞ የልጅሽን ዳሌ ራጅ አስነሺ፣ የማይሄዱ ልጆች ላይ ዳሌው ከቦታው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሲያማት ካወቅሽው ዘግይቷል።

27 ዓመቴ ነው
እኔም እንደ ባቢ ነኝ፣ የኔ ግን ግራ ጎን ነው። የሚስቡኝ ሰውዬ በር ላይ ሲታየኝ ገና ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፣ እስካሁን የቅባቱ ሽታ አይለቀኝም። እጄ የተፈታው አያቴ ቤት ነው፣ የቡና ዕቃ አጣጥብ ብላ ስታዘኝ፣ ሲኒ ለማጠብ ደግሞ ሁለት እጅ ግድ ነው። ስንቱን እንደሰበርኩ አትጠይቁኝ 😂 ግን እስከዛሬም ሸሚዜን ስቆልፍ ግራዬ ያዥ ነው እንጂ ሠሪ አይደለም፣ ደህና ይሆናል የሚልሽን ሰው አትመኚው፣ ይሻሻላል በይ።

የባቢ እናት
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ብሩን ለጊዜው ያዝኩት፣ መጀመሪያ እግሩን ላሳየው። ካልሲውን ግን ትናንት ሞከርኩት፣ በጥርሱ ነው ያወለቀው ጉደኛ። ሦስት ሎሚ በቀኙ ከቶ አራተኛውን ወረወረብኝ።

ፊዚዮው
በቀኙ ከወረወረ እሱም ይቆጠራል። ካልሲውን ተይውና እጅጌው ረጅም ሹራብ አልብሺው፣ የግራውን ጫፍ በመርፌ ስፊው። ሦስት ሎሚ ሲሞላ ደግሞ አቁሚ፣ ነገ አራት።