ኤሲ በሌለው መኪና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእናቴና ከልጄ ጋር

ቀስ በይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ 18 ዓመቷ ነው። ኤሲዋ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጋዝ አስሞላሁ፣ በሦስት ሳምንት ወጣ። ደግሜ አስሞላሁ፣ ያው ሆነ። ከዚያ ተውኩት። መስኮት ከፍቶ መንዳት ምን አለበት አልኩ።

ባለፈው ሳምንት እናቴንና የ3 ዓመት ልጄን ይዤ የአራት ሰዓት መንገድ ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። የሚንቀሳቀስ መኪና የለም። መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ የሚገባው አየር ግን ከምድጃ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆምን የሙቀት ጌጁ መርፌ ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ መሄድ ጀመረ። ዓይኔ እሱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሞተሩን ላጥፋው፣ አላጥፋው ስል ከኋላዬ ሰው መኖሩንም ረሳሁት።

እናቴ ወሬ ትወዳለች። መንገድ ላይ ከሆነች ያየችውን ታርጋ ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ዝም ማለቷን ያወቅኩት ልጄ «አያቴ ተኛች» ስትለኝ ነው። ዘወር ብዬ ሳያት ፊቷ ገርጥቷል፣ አንገቷ በላብ ርሷል። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ አዞረኝ» አለችኝ። እንደምንም ዳር ይዤ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። ውኃ እየተጎነጨች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተሻላት።

መኪናዋም ተረፈች። እኔ ግን የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ዘርግቼ ነበር። አንድ የማላውቀው ሹፌር ጮሆ ነው ያስቆመኝ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ እናቴን ለመመለስ ያንኑ መንገድ እነዳለሁ። ኤሲ ለማሠራት አሁን አቅም የለኝም፣ እሱን አትምከሩኝ። መርፌው እንደገና ወደ ቀዩ ቢሄድ ምን ላድርግ? ጎማዎቼስ ሙቀቱን ይችሉታል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላ ያሉትን በምን ላቀዝቅዛቸው?

ቸኳዩ፦

ይህን ያህል አያስጨንቅም። በጠዋት ውጪ። የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀንሺለት፣ በሙቀት ስለሚያብጥ እንዳይፈነዳ። ሞተሩ ከሞቀ ቀዝቃዛ ውኃ ድፊበት። አለቀ።

ጥቁር እጅ፦

ወንድሜ ቸኳዩ፣ በጠዋት መውጣቱን ይዘን ሌላውን እንተወው። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሁለቱም ምክሮችህ ደንበኛ ያመጡልኛል።

ጎማ በሙቀት የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ንፋስ በዝቶት ሳይሆን አንሶት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ይዘህ ደጋግመህ ብታጥፈው ይግላል አይደል? ጎማውም እንደዚያ ነው። ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንፋሱ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል፤ ፋብሪካው ግን ይህን አስቦበታል። ስለዚህ እህቴ፣ ጠዋት ሳትነጂ አስለኪው። ልኩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻው መጠን ነው፣ በእሱ አታስሞይ። መንገድ ላይ ሞቆ ንፋሱ ከፍ ቢል አትቀንሺ።

ዕድሜውንም እዪ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ስኮርቱንም፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ አትርሺ። ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ያሰነጥቃል። ክዳኑ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ውስጥ ያለው ፈሳሽ በግፊት ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ አልፎም አይፈላም። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይለቅና ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይወጣል። ያ ሹፌር ዓይንሽን ነው ያተረፈልሽ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሞቀችው ቆማ ሳለ ነው። መንገዱ ሲከፈትና ስትሄድ መርፌው ይመለሳል? ከተመለሰ ጥርጣሬዬ የራዲያተሩ ማራገቢያ ፋን ላይ ነው። ስትሄጂ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ከፊት የሚገባው ነፋስ ነው። ስትቆሚ ግን ሥራው ሁሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። በፍጥነት ስትነጂ ወይም ዳገት ላይ የምትሞቅ ቢሆን ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ኩላንቱ (ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ጎድሏል ወይም የፈሳሹ በር የሆነው ቴርሞስታት አልከፍት ብሏል እል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ አስነሺና ጠብቂ። መርፌው ከመሃል እያለፈ ፋኑ ካልዞረ በሽታውን አገኘሽው። ፊውዝ ወይም ሪሌ (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ትንሽ ዕቃ) ብቻ ሊሆን ይችላል። እጅሽን ግን አታስጠጊ፤ አንዳንዱ ፋን ሞተር ጠፍቶም ይነሳል።

የሞተው ኤሲሽም በዚህ እጁ ሊኖርበት ይችላል። ከራዲያተሩ ፊት የኤሲው ማቀዝቀዣ ተገትሯል። በሁለቱ መካከል አቧራ፣ ቅጠልና የሞተ ነፍሳት ይከማቻል። ግፊቱ ቀለል ባለ ውኃ አሳጥቢው። በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ቀጫጭኑን ቆርቆሮ ያጣምመዋል።

አትምከሩኝ ብለሻል፣ አንዲት ነገር ብቻ ልበል። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። በሦስት ሳምንት ከወጣ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላልሽ ሰው በወንፊት ውኃ እየቀዳልሽ ነው።

መርፌው ከተነሳ ደግሞ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቺ፣ ነፋሱንም ጨምሪው። ማሞቂያው ማለት ትንሽ ራዲያተር ነው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ዳር እስክትይዢ ጊዜ ይሰጥሻል። ከዚያ ሞተሩን አጥፊው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን እንዳትነኪ።

ነጭ ጋዋን፦

ጥቁር እጅ፣ ማሞቂያው ለሞተሩ ጥሩ ነው። ከኋላ የተቀመጡት እናትስ? ያን ቀን ማሞቂያውን ከፍታው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? በዕድሜ የገፋ ሰውና ሕፃን ከተጫኑ አስተማማኝ ዳር ካለ ወዲያው ቁሚና እነሱን መጀመሪያ ወደ ጥላ አውጪያቸው። ሞተሩ ይደርሳል።

እኔ ነርስ ነኝ። እናትሽ የደረሰባቸው በሙቀት መድከም ይመስላል። ያልባቸዋል፣ ይገረጣሉ፣ ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ጥላ፣ ውኃና እረፍት ይመልሰዋል። የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ ሰው መቀባጠር ይጀምራል፣ ንግግሩ ይንተባተባል፣ ጥያቄ ብትጠይቂው የማይገናኝ ይመልሳል፣ ራሱን ይስታል። ያን ጊዜ አምቡላንስ መጥራት ነው። እስኪመጣ ልብሱን አላልተሽ መላ ሰውነቱን ውኃ እያፈሰስሽ አራግቢለት። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚቃዥ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

ሰው ሲያረጅ ጥማቱ ይደክማል። «አልጠማኝም» ቢሉሽ አትመኛቸው። በየሃያው ደቂቃ ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን የውኃውን መጠን ሐኪማቸው ይወስን። የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ከሙቀት ጋር አብሮ ውኃ ያሟጥጣል። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። አንቺም የአለርጂ ኪኒን ካለሽ የሚያስተኛ አለመሆኑን አረጋግጪ።

የልጅሽ ነገር አጭር ነው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 10 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። መስኮቱን በጣት ስፋት መክፈት ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም። «ለሁለት ደቂቃ ነው» ብለሽ እንዳትተያት። ስታስሪያትም የቀበቶውን ብረት አስቀድመሽ በእጅሽ ንኪው፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ቀስ በይ፦

አዎ፣ የሚያሸና መድኃኒት ትወስዳለች! ጠዋት ጠዋት። እኔ እኮ መንገድ ላይ «ቶሎ ቶሎ ቁሚልኝ» እንዳትል ብዬ ውኃ ስትጠጣ እየተቆጣኋት ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

አሮጌ መሪ፦

አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ያን አድርጌዋለሁ፣ ያውም በራሴ ላይ። 22 ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን ያለ ኤሲ። በጀማሪነቴ ላለመቆም ብዬ ውኃ አልጠጣም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመንገድ ምልክት አነባለሁ፣ ትርጉሙ ግን አይገባኝም። ፊደሉን አያለሁ፣ ከዚያ በቃ። መታጠፊያዬን አልፌ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ዳር የቆመ መኪናም ለጥቂት ነው የሳትኩት። እንቅልፍ መስሎኝ ፊቴን ታጥቤ ልቀጥል ነበር። ረዳቴ ውኃ እያጠጣ አንድ ሰዓት አስቀመጠኝ።

ኋላ ላይ አንድ ጥናት አነበብኩ። የእንግሊዙ የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ጥቂት ሹፌሮችን በማስመሰያ መኪና ሁለት ሁለት ሰዓት አስነዷቸው። ውኃ በደንብ በጠጡበት ቀን 47 ስህተት ሠሩ፣ በቂ ባልጠጡበት ቀን 101። የተፈተኑት ጥቂት ናቸው፣ እኔ ግን የራሴን ቀን አስታውሼ አመንኩት። ሞተሩ ጌጅ አለው። ሹፌሩ የለውም።

ወደ ጥያቄሽ። አንገት ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉ፣ ሁላችሁም። ሲደርቅ ድገሙት። የቆመ መኪና ውስጥ ስትገቢ አንዱን መስኮት ክፈቺና ከማዶ ያለውን በር አምስት ስድስት ጊዜ ከፈት ዘጋ አድርጊው፣ የታፈነውን ሙቀት ያስወጣዋል። ሰው ቢያይሽ ያበድሽ ይመስለዋል፣ ተይው። ለኋላ መስኮት የሚለጠፍ መጋረጃ ግዢ። የጎን መስታወት ፀሐይን እንደ ፊተኛው አይከለክልም። የእኔ በመስኮት በኩል ያለው ክንዴ እስከ ዛሬ ከሌላው ይጠቁራል።

ላይተር፣ የሽቶ ስፕሬይ፣ ተንቀሳቃሽ ባትሪ ዳሽቦርድ ላይ አትተዪ። የእናትሽንም መድኃኒት።

ረጅም ቁልቁለት ካለ በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ደግሞ ውኃ ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል። ያን ጊዜ ፔዳሉን ብትረግጪው እንደ ስፖንጅ ነው። ይህን አንዴ ቀምሼዋለሁ፣ ማውራት አልፈልግም።

ቀስ በይ፦

ተመልሻለሁ። ጥቁር እጅ፣ ፋኑ አልዞረም! በር ላይ አስነስቼ ጠበቅኩ፤ መርፌው ከመሃል አለፈ፣ ፋኑ ዝም። ሪሌው ተቃጥሎ ነው። ተቀየረ። በራዲያተሩና በኤሲው ማቀዝቀዣ መካከል የነበረውን ቆሻሻ ብታዩት ሌላ መኪና ይወጣዋል።

ጎማዎቼ ደህና ናቸው። ስኮርቴ ላይ ግን 3411 ይላል። ከእናንተ በፊት ሞዴሉ ይመስለኝ ነበር።

የእናቴ ሐኪም የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካክሎልናል፣ ምን ያህል ውኃ መጠጣት እንዳለባትም ነግሮናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንወጣለን፣ በየሰዓቱ እንቆማለን። እናቴ አሁን ከፊት ትቀመጣለች። መጀመሪያ «ከልጅቷ ጋር ይሻለኛል» ብላ እምቢ አለች። ታርጋው ከፊት በደንብ ይታያል ስላት ተስማማች። ማንበብ ካቆመች ዳር እይዛለሁ።