ለቴነር ሳክስፎን የብረት ማውዝፒስ ይሻላል ወይስ የጎማ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቴነር የምትጫወቱ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። የምጠቀመው የጠንካራ ጎማ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው የሳክስፎኑ ጫፍ) ነው። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ እወደዋለሁ። ችግሩ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ስንጫወት ነው፤ ድምፄ ይዋጣል።

ከጓደኛዬ የብረት ተውሼ ሞከርኩ። ወዲያው ድምፁ ጎላ፣ ጠራም። ግን ታችኛው ቢ ፍላት ላይ ስደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ላይኞቹ ኖታዎች ደግሞ ከቃናው ከፍ ይሉብኛል። ውጪውም ቀጭን ነው፣ ከንፈሬ አልለመደውም። የጎማው ሊጌቸር (ሪዱን፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣውን ቀጭን ምላስ፣ ማውዝፒሱ ላይ የሚያስረው ማሰሪያ) እሱ ላይ ሲገባማ ይዋልላል።

ልዩነቱ ከብረቱ ነው ወይስ ከውስጥ ቅርፁ? የኔ ጎማ የጫፉ ክፍተት ቁጥር 6 ነው፣ የተዋስኩት 7 ኮከብ። በማውዝፒስ አምራቹ በኦቶ ሊንክ መለኪያ 7 ኮከብ ማለት ጫፉ ላይ 2.67 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ነው። በዚያ ላይ የብረቱ ባፍል (ከጫፉ ቀጥሎ ያለው የውስጥ ጣሪያ) ከፍ ያለ፣ ቻምበሩም (የውስጡ ባዶ ቦታ) ጠበብ ያለ ነው። ይሄ ሁሉ ባንዴ ተቀይሮ ብረቱን ብቻ ማመስገን ትንሽ ያስቃል። የጃዝ ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬንም እኮ በብረት ኦቶ ሊንክ ይጫወት ነበር፤ ድምፁ ግን ጩኸት ብቻ አይደለም።

እና ባፍሉ ከፍ ያለ የጎማ ማውዝፒስ ብወስድ ያንን ጉልበት አገኛለሁ? ሪዱስ? አሁን ጥንካሬው ቁጥር 3 ነው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ወደ 2 ተኩል ልውረድ? ሁለቱንም የሞከራችሁ፣ በተለይ ታችኛዎቹን ኖታዎች እንዴት እንዳረጋጋችሁ ንገሩኝ።