በትንሽ ገንዘብ ኮራል ያለበት የጨው ውሃ አኳሪየም መጀመር ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከወትሮው የወረቀትና የሥራ ጥያቄ ወጣ ያለ ነው፣ አትሳቁብኝ። ልጄ ጥርስ ሐኪም ቤት ኮራል ያለበት አኳሪየም አይቶ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄዋለሁ። ኢንተርኔት ላይ የማየው ዋጋ ግን ያስደነግጣል፣ ሁለት ሺህ ሦስት ሺህ ዶላር የሚሉ አሉ። እኛ ኪራይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ሁለታችንም እንሠራለን፣ ለገናና ለጥምቀት ደግሞ አገር ቤት ለመሄድ አስበናል። ከ500 ዶላር ብዙ ሳልርቅ መጀመር እችላለሁ? ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ ይቻላል። ግን የት እንደምትቆጥብና የት እንደማትቆጥብ ለይተህ ግባ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። አዲስ ገንዳና ያማረ መብራት ይገዛና የቧንቧ ውሃ ይሞላበታል። ገንዳው መስታወት ነው፣ ያገለገለ ይሁን አዲስ ዓሣው ግድ የለውም። ውሃው ላይ ግን ቀልድ የለም።

ምንም ሳትገዛ የኪራይ ውልህን አንብብ። አንዳንድ አፓርታማ ገንዳ ጭራሽ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ ደግሞ የጋሎን ገደብ አለው። የተከራይ ኢንሹራንስህም ከገንዳ የፈሰሰ ውሃ ታችኛው ፎቅ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ይከፍል እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ። ክብደቱንም አስብ። 20 ጋሎን ገንዳ ከነድንጋዩና ከነአሸዋው ሲሞላ 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ 40 ጋሎን ደግሞ 200 ኪሎ ያልፋል። ለሦስተኛ ፎቅ እኔ 20 እላለሁ። ከዚያ ያነሰ ሲሆን በርካሽ የሚገኝ ይመስላል፣ ግን ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጨውም ቶሎ ይበዛበታል። ለጀማሪ ትንሹ ነው ከባዱ።

ገንዳ፣ መቆሚያ፣ መብራትና ፓምፕ ያገለገለ ግዛ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ከተማ የሚቀይሩ ሰዎች ሙሉውን በአንድ ላይ ይሸጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፦ ገንዳው ውስጥ ለዓሣ በሽታ የመዳብ መድኃኒት ተጨምሮ ያውቃል ወይ? ካወቀ ተወው። መዳብ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል። ገዝተህ ስትመጣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ሞልተህ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ያፈስ እንደሆነ እዚያው ይታያል።

ማሞቂያ ግን አዲስ ግዛ። ያረጀ ማሞቂያ እንደበራ ተጣብቆ ቀርቶ ገንዳውን ያበስለዋል። ስለዚህ ራሱን የቻለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጨምርበት፣ 78 ፋራናይት ላይ አድርገው፣ በሴልሺየስ 25 ተኩል ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ሶኬቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብለው ይንጠልጠሉ፣ ውሃ ገመዱን ይዞ ቢመጣ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ውሃው። ዲሲም ሆነ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧ ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ በክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሠሩት ጀርም ገዳይ ነው የሚታከመው። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ባልዲ ውስጥ በማሳደር በንኖ አይወጣም። የሜሪላንዱን ከውሃ ድርጅትህ ዓመታዊ ሪፖርት ታገኘዋለህ፣ ግን ክሎሪንም ሆነ ክሎራሚን፣ ከቧንቧ የሚመጣ መዳብ አለ፣ አልጌ የሚያጠግብ ናይትሬትና ፎስፌት አለ። መፍትሔው አር ኦ ዲ አይ የሚሉት ማጣሪያ ነው። ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል፣ በአስማሚ ከኩሽና ቧንቧ ላይ ይገጠማል፣ ግድግዳ መብሳት የለበትም፣ ስትጨርስ ነቅለህ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከተዋለህ። አንድ ጋሎን ንጹህ ለማግኘት ሦስት አራት ጋሎን ይደፋል፣ የሚደፋውን በባልዲ ያዝና ወለል እጠብበት። ማጣሪያው አሁን ካልሆነልህ ሱፐርማርኬት ያሉት የውሃ ማሽኖች ይጠቅማሉ፣ ግን ቲ ዲ ኤስ መለኪያ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካውን፣ ይዘህ ሂድ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ማለት አለበት፣ ካርትሬጁ በጊዜው ያልተቀየረ ማሽን ሞልቷል።

ጨው ስል የወጥ ቤት ጨው አይደለም። ለኮራል ተብሎ የሚሸጠው ካልሲየምና ማግኒዚየም ሁሉ ያለበት ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ፓምፕ እያዞረው ይደር። ሪፍራክቶሜትር የሚባለውን የጨው መለኪያ ግዛ፣ ሠላሳ ዶላር እንኳ አይሞላም፣ መጠኑም 1.025 ወይም 1.026፣ ማለትም በሺህ 35 ገደማ ይሁን። መሣሪያውን በንጹህ ውሃ ሳይሆን 35 ተብሎ በሚሸጠው ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክለው፣ የሚለካው እዚያ አካባቢ ስለሆነ።

በየቀኑ ውሃው ይቀንሳል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ የምትጨምረው ጨው የሌለበት ንጹህ ውሃ ነው። ጨዋማውን እየጨመርክ ከሄድክ በሁለት ሳምንት ሙት ባህር ትሆናለህ።

ድንጋዩን ደረቅ ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ ተባይም ይዞ አይመጣም። ግን ባክቴሪያም የለውም። ከሚሠራ ገንዳ አንድ ቁራጭ ድንጋይ ብታገኝ እንደ እርሾ ያገለግልሃል፣ ሌላውን ድንጋይ እሱ ያስይዘዋል። ከዚያ ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን አሞኒያ ጨምርበት፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጥ አለ፣ ካልሆነም አንድ ፍሬ ጥሬ ሽሪምፕ ጣልበትና ይበስብስ። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለዓሣ መርዝ ናቸው፣ ሦስተኛው በውሃ ቅየራ ይቀንሳል። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያ ጨምረህ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ ዓሣ ግዛ። ከዚያ በፊት ልጁ ቢያለቅስም እሺ አትበል።

ቀጥሎ ገንዳው ቡናማ አልጌ ይለብሳል፣ ከዚያ አረንጓዴ። ሁሉም ጋ ይመጣል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚሸጠውም እዚህ ላይ ነው፣ ርካሽ ዕቃ የምናገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አስገባ፣ መብራቱን ከስምንት ሰዓት አታሳልፍ፣ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ቀይር። በዚህ መጠን ላለ ገንዳ ፕሮቲን ስኪመር የሚባለው ውድ ዕቃ አያስፈልግህም፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ዓሣ ሁለት ክላውንፊሽ ይበቃሃል፣ በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉትን ጠይቅ፣ ከባህር ከተያዙት ይልቅ ጠንካራ ናቸው። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚወለዱት፣ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ትልቁ ሴት ይሆናል። ለልጅህ ይህን ንገረው፣ ጥያቄው አያልቅም። ኮራሉን ከሱቅ አትግዛ። እዚህ አካባቢ የዋሽንግተን የባህር አኳሪየም ማኅበር አለ፣ ዋማስ ይሉታል፣ አባላቱ ከየገንዳቸው የቆረጡትን ኮራል ይለዋወጣሉ፣ ይሸጣሉም። ሱቅ ውስጥ ውድ የሆነው እዚያ በጥቂት ዶላር ይገኛል። እንጉዳይ በሚመስለው ለስላሳ ኮራል ጀምር።

ቤትህ ልጅ ስላለ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ የሚመስሉ ኮራሎች በጣም ያምራሉ፣ ርካሽም ናቸው፣ ግን አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንካቸው፣ ልጁም እጁን ገንዳው ውስጥ አይክተት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የገንዳ ድንጋይ ለማጽዳት ብለህ በፍጹም እንዳትቀቅል። እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል አስገብቷል፣ ተረት አይደለም።

ከዳላስ

ልጆች፣ ለዓሣ 500 ዶላር? በእኛ ጊዜ ዓሣ የሚጠበስ ነበር። ወጣት ሳለሁ ባህር ኃይል ምጽዋ ነበርኩ። ዳህላክ ደሴቶች ጋ ጀልባ ላይ ሆነህ ወደ ታች ስታይ ይህ የምታወሩት ሁሉ ነበር፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ እንደ እጅ የሚከፈት የሚዘጋው። ማንም ቁም ነገር ብሎ አያየውም፣ እኛም አናየውም። አሁን የልጅ ልጄ በቴሌቪዥን እያየ ያስረዳኛል። ያ እንደ እጅ የሚከፈተው ምንድን ነው? ይሸጣል?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ ያዩት ዜኒያ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ቀይ ባህር ውስጥ በብዛት አለ፣ ጣቶቹን ያለማቋረጥ ይከፍታል ይዘጋል፣ ሌላ ኮራል እንዲህ ሲያደርግ ብዙም አይታይም። እዚህ ይሸጣል፣ እንዲያውም ከርካሾቹ ነው፣ ምክንያቱም ቦታ ከተመቸው እንደ አረም ይስፋፋል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ግን ከሌላው ተለይቶ ለብቻው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። የልጅ ልጅዎ ከጀመረ ይጻፉልኝ፣ አድርሳለሁ ባልልም መላ አላጣም።

ከአሽዶድ

እኔ ባህሩ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው። ለምን ጨው እገዛለሁ? በጄሪካን ባመጣስ? ድንጋይም ከኤይላት ስመለስ ብይዝ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ ውሃውን ማምጣት ይቻላል፣ የሚያደርጉት አሉ። ግን አሽዶድ ወደብ ነው፣ ከመርከቡና ከወንዝ መግቢያው ርቀሽ ቅጂ፣ ዝናብ በዘነበ ሰሞን ደግሞ ይቅርብሽ። የእናንተ ሜድትራንያን ጨው በሺህ 39 ገደማ ነው፣ ለኮራል ገንዳ 35 ይበቃል፣ ስለዚህ በንጹህ ውሃ ማቅጠን አለብሽ። መለኪያው ያው ያስፈልግሻል ማለት ነው። ድንጋይና ኮራል ግን ከኤይላት እንዳትነኪ፣ የሞተውንም ቢሆን። እስራኤል ውስጥ ኮራል በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ቅጣቱ ከአኳሪየሙ ይበልጣል።

ከዱባይ

ስለ ማሞቂያ ብቻ ነው የምታወሩት! እዚህ ችግሩ ሌላ ነው። ሥራ ስሄድ ኤሲ ካጠፋሁ ማታ ውሃው ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ከ29 ሲያልፍ ኮራሉ መጨማደድ ይጀምራል። ማቀዝቀዣ ማሽኑ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይወደዳል። ትንሽ ማራገቢያ ውሃው ላይ እንዲነፍስ ብታደርጉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል፣ ትነቱ ግን ይጨምራል፣ ንጹህ ውሃ ጠዋትና ማታ መጨመር ነው። ሌላው የበረሮ መርጫ። ገንዳ ባለበት ክፍል በጭራሽ አትርጩ፣ ለበረሮ የተሠራው ሽሪምፕንም ነው የሚገድለው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼም፣ እህቶቼም፣ ወንድሜም እግዜር ይስጥልኝ። ውሉን አየሁት፣ እስከ 20 ጋሎን ይፈቅዳል። የቀረኝ የጥር ጉዞ ነው። ሦስት ሳምንት እንቀራለን። ቁልፍ የያዘች ዘመድ አለች፣ ግን እሷ ከመጣች ዓሣዎቹን እንደ እንግዳ ነው የምታበላቸው።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ችግሩ ገብቶሃል፣ ዓሣ በረሃብ ከሚሞተው በላይ በደግ ዘመድ ይሞታል። የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ለሌላ ዓመት ስትሄድ የእያንዳንዱን ቀን ምግብ በክኒን ማስቀመጫ ሣጥን ከፋፍለህ አስቀምጥላት፣ የቀረውን ቆርቆሮ ደብቅ።

ለዘንድሮ ግን እድለኛ ነህ። ዓሣ ሳትገዛ ሂድ። ገንዳውን፣ ውሃውን፣ ድንጋዩን አሁን አዘጋጅ፣ ከመሄድህ በፊት አሞኒያውን ጨምር፣ መብራቱን አጥፋ፣ ፓምፑና ማሞቂያው ብቻ ይሥሩ። አልጌም አይወጣብህም፣ የሚራብም የለም። መስታወቱ ላይ በቴፕ ምልክት አድርግና ዘመድህ በሁለት ቀን አንዴ ንጹህ ውሃ እስከዚያ ድረስ ትጨምር። ጨዋማውን ባልዲ ከቤት አውጣው፣ ተሳስታ እንዳትቀላቅል። ስትመለስ ባክቴሪያው ሥራውን ጨርሶ ወይም ሊጨርስ ተቃርቦ ታገኘዋለህ፣ ለክተህ ዓሣ ትገዛለህ።

እርሾውን ድንጋይ ከእኔ ገንዳ እሰጥሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ክዳን ያለው ባልዲ ይዘህ ና፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን፣ ልጁንም አምጣው።