«ነፃ ነኝ» ተባብለው ኮንዶም ለሚተዉ ወጣት ጌይ ጥንዶች ምን እንበላቸው?

ማለዳ_ዲሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ጌይ ወጣቶች በአማርኛ የጤና ወረቀት እየተዘጋጀ ነው። የሚመጣው ጥያቄ ስለ አንድ ሌሊት ትውውቅ ሳይሆን ስለ ፍቅረኛ ነው። ሁለት ሦስት ወር አብረው ይቆዩና «ነፃ ነኝ»፣ «እኔም ነፃ ነኝ» ተባብለው ኮንዶም ይተዋሉ። ኤችአይቪ እውነት ከፍቅረኛ ይመጣል? ከመተዋቸው በፊትስ ምን በምን ይቅደም? ቀንና ቁጥር ያለው መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ቆጣሪው፦
አዎ፣ በብዛት ከፍቅረኛ ነው። በአምስት የአሜሪካ ከተሞች መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2009 የወጣ ስሌት፣ በወንድና ወንድ መካከል ከሚተላለፈው ኤችአይቪ 68 በመቶው ከቋሚ የፍቅር ጓደኛ እንደሚመጣ ገምቷል። ፍቅረኛ ከሌላው የባሰ ስለሆነ አይደለም፤ ከእሱ ጋር ወሲቡም ተቀባይ መሆኑም ይበዛል፣ ኮንዶሙ ግን ይቀንሳል።

በ2011 የታተመ የቺካጎ ጥናት ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 20 የሆኑ 122 ወጣቶችን ተከታትሎ፣ «የምር ግንኙነት ነው» ከሚሉት ሰው ጋር ያለ ኮንዶም የሚደረገው ወሲብ ስምንት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። በዕድሜ የሚበልጥ አጋር፣ ከወሲብ በፊት ዕፅ መውሰድ፣ ድብደባና ማስገደድም ቁጥሩን ከፍ አድርገውታል። ወረቀታችሁ ድብደባውን እንዳይዘለው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ሌላው ሲሆን «ኮንዶም አድርግ» ማለት ቀላል አይደለም። ለእንዲህ ያለው ልጅ የአጋር ፈቃድ የማይጠይቀው ፕሬፕ (ኤችአይቪ የሌለበት ሰው አስቀድሞ የሚወስደው መከላከያ መድኃኒት) ይሻላል። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ለፊንጢጣ ወሲብ ተቀባይ ከፍተኛውን መከላከያ የሚሰጠው 7 ቀን ከተወሰደ በኋላ ነው።

ላብ_ሰው፦
«ነፃ ነኝ» የሚለው ቃል ቀን የለውም፤ ችግሩ እሱ ነው። ምሳሌ ልስጥ። የልጁ የመጨረሻ ሌላ ግንኙነት ማርች 1 ነበር እንበል። ማርች 20 ላይ ያገኘው ኔጋቲቭ ስለ ማርች 1 ምንም አያረጋግጥም፤ የመስኮት ጊዜው (ከተጋለጡ በኋላ ምርመራው ኤችአይቪን ማሳየት እስኪችል ያለው ጊዜ) አላለፈማ። ከደም ሥር ተወስዶ ላቦራቶሪ ለሚገባው የአንቲጅንና አንቲቦዲ ምርመራ 45 ቀን፣ ማለትም እስከ አፕሪል 15 ይጠበቃል። በጣት ደም ወይም ድድ በመጥረግ ለሚደረገው ፈጣን ምርመራ፣ ኦራኩዊክ የተባለውን የቤት መመርመሪያ ጨምሮ፣ 90 ቀን፣ ማለትም እስከ ሜይ 30።

ስለዚህ ሁለቱም አሁን ይመርመሩ፣ የመስኮት ጊዜው ሲያልፍ ይድገሙ፣ እስከዚያ ኮንዶም አይወልቅም። ውጤቱን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይስሙት። ጥንዶችን አብሮ መመርመር መጀመሪያ በሩዋንዳና በዛምቢያ ለባልና ሚስት የተሠራበት ዘዴ ነው፤ አሜሪካ ለወንድ ጥንዶች የወሰደችው ኋላ ነው።

ሽንት ብቻ ሰጥቶ «ሁሉን ተመረመርኩ» ማለትም ስህተት ነው። የጉሮሮና የፊንጢጣ ጨብጥና ክላሚዲያ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የላቸውም፣ በሽንትም አይታዩም። «ከሦስቱም ቦታ» ብሎ ስም ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የፊንጢጣውን ናሙና በብዙ ክሊኒክ ራሱ ሽንት ቤት ገብቶ ይወስደዋል። ለቂጥኝ ደም ይሰጣል።

አንዱ ፖዘቲቭ ሆኖ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በሚሊ ሊትር ደም ከ200 ቅጂ በታች ከቆየስ? በአውሮፓ 782 ጥንዶች ተጠንተው፣ 76 ሺህ ገደማ ያለ ኮንዶም የተደረገ ወሲብ ተቆጥሮ፣ ከአጋር ወደ አጋር የተላለፈ ኤችአይቪ ዜሮ ነው። ጨብጥና ቂጥኝ ግን በዚህ አይመለሱም።

ውል_አሳሪ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ብዙው የሚበላሸው ስምምነቱ ላይ ነው። አንዱ «ከሌላ ጋር የለም» ብሎ ገብቶታል፣ ሌላው «በኮንዶም ከሆነ ይቻላል» ብሎ። አፍ አውጥተው አልተነጋገሩማ! ቢጣስ ምን እንደሚደረግም አብሮ ይወሰን፦ «አንድ ነገር ከተፈጠረ በማግሥቱ እነግርሃለሁ፣ ወደ ኮንዶም እንመለሳለን፣ ጠቡ ይቆየን»። «በማግሥቱ» የሚባለው፣ ፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰድ መድኃኒት) በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ስለማይረዳ ነው። ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የመጣ ይቅርታ ለፔፕ አይሆንም።

ሌላም አለ። በወላጆቹ ኢንሹራንስ ላይ ያለ ልጅ (እስከ 26 ዓመቱ ይቻላል) ምርመራውን የሚዘረዝር ደብዳቤ እናቱ ቤት ሊደርስ ይችላል። ከምርመራው በፊት በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሎ ደብዳቤው በሌላ አድራሻ እንዲላክለት ይጠይቅ። አገር ቤት ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ወሲብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ወደዚያ በስልክ የሚልክ ሰው ለማን እንደሚልክ ይወቅ።

ማለዳ_ዲሲ፦
በጣም አመሰግናለሁ። «ነፃ ነህ?» የሚለውን «መጨረሻ መቼ ተመረመርክ? ከዚያ ወዲህስ?» እናደርገዋለን። ቅዳሜ ማታ ቢሆንስ፣ ፔፕ ከየት ይገኛል?

ላብ_ሰው፦
ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ሰኞ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም። እንግዳ መቀበያው ላይ «ለኤችአይቪ ተጋልጫለሁ፣ ፔፕ እፈልጋለሁ» ብሎ ሰዓቱን ጭምር ይናገር። ለኮንዶሙ ደግሞ ቫዝሊንም የምግብ ዘይትም አይሆንም፣ ላቴክሱን ያሳሳዋል። በውኃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ይሁን።